የእማዬ ጭቃ ቤት ይፍረስ ወይስ ይጠገን? የ27ቱ ምላሾች ቅደም ተከተል

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አሁን ምላሹ 27 ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከመሐል እየጀመሩ የተመለሰውን መልሰው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም።

የጠየቅኩት ይህን ነበር። ጉለሌ ውስጥ አያቴ በ1950ዎቹ የሠሩት ጭቃ ቤት አለን። አራት ክፍል ነው። ጣውላ ወለል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት ለፊት በረንዳ አለው። ግቢው የራሳችን ነው፣ ካርታ አለው። እማዬ እዚያው ቤት አደገች፣ እዚያው ተዳረች፣ እኛንም እዚያው አሳደገችን። ዘንድሮ 71 ዓመቷ ነው። አምና ስትሮክ መታት፣ ግራ ጎኗ ደከመ። ከዚያ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። በረንዳው ሦስት ደረጃ አለው። በሮቹ ጠባብ ናቸው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። ፀሐይ መሞቅ ሲያምራት ሁለት ሰው ተሸክሟት ይወርዳል። ሁለቱ ወንድሞቼ ቤቱ ይፍረስና በብሎኬት ጂ+1 እንሥራ አሉ። እኔ ደግሞ አልፈልግም። ጭቃ ቤት ሳይፈርስ ለዊልቸር እንዲመች ማድረግ ይቻላል ወይ? እኔስ ቤቱን የያዝኩት በናፍቆት ብቻ ነው ወይስ የሚያዋጣ ነገር አለው? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

ምላሽ 1 በጣም ትሑት ነበር። እግዚአብሔር ይማርልሽ ብሎ ጀመረ። ከወንድሞቼ ጋር ግን ተስማማ። ጭቃ ቤት ሰው አቅም ሲያጣ የሚሠራው ነው፣ አቅም ካለ ማፍረስ ይሻላል አለ። ምላሽ 2 እሱን ደገፈ፣ ሌላ የጨመረው ነገር የለም።

ምላሽ 3 የመጣው ከአንዲት አርክቴክት ነው። አስተያየት ከመስጠቷ በፊት ልክ ጠየቀችኝ። ደረጃው በድምሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ይወጣል? በሩ ሲከፈት የሚቀረው ክፍተት ስንት ነው? ዊልቸሩስ ከጎን እስከ ጎን? ከበረንዳው እስከ አጥሩ ስንት ሜትር አለ? ሜትር ይዤ ወጣሁና ምላሽ 4 ላይ ጻፍኩላት። ደረጃው 45 ሳንቲ ሜትር፣ የበሩ ክፍተት 68፣ ዊልቸሩ 66፣ ግቢው 7 ሜትር። ስንት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ለክቼው እንደማላውቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ምላሽ 5 ላይ ተመልሳ ስሌቱን ሠራችው። ለዊልቸር የሚመከረው መወጣጫ አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር የሚረዝም ነው። የኛ 45 ሳንቲ ሜትር ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። በዚያ ላይ በሩ ፊት ለፊት ዊልቸሩ የሚዞርበት 1 ሜትር ከ50 ሜዳ ያስፈልጋል። ሲደመር 6 ሜትር ከ90 ነው። በቀጥታ ከወረደ አጥሩ ሥር ይደርሳል፣ ታች ለመታጠፍ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ራምፑ (መወጣጫው) በበረንዳው ጎን ወርዶ ወደ ጓሮ ይታጠፍ አለች። በሩም ቢያንስ 80፣ ከተቻለ 90 ሳንቲ ሜትር ክፍት መሆን አለበት። የራምፑን ገጽ ሊሾ እንዳናደርገው አስጠነቀቀች። ሊሾ በክረምት ያንሸራትታል።

ነገሩ መሞቅ የጀመረው ምላሽ 6 ላይ ነው። አንድ ሰው አንድ ለ12 የሚባለው የፈረንጅ ቅንጦት ነው አለ። እሱ ለአክስቱ በሳንቃ ሁለት ሜትር የማትሞላ መወጣጫ ሠርቶ ወንድ ልጅ ይገፋታል። ያን ያህል ሜትር ማባከን ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 7ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፉት 19 ዓመት በዊልቸር የኖሩ ሰው ናቸው። ምላሽ 6ን በቀጥታ ተቃወሙ፣ ቃላቸውም ጠንከር ያለ ነበር። ቀጥ ባለ መወጣጫ ላይ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ የሚገፋውም ሰው አብሮ ይወድቃል አሉ። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው አሉ። ቀጥ ባለው መወጣጫ ሰው ያስገባሃል። በተገቢው ግን ራስህ ትገባለህ። አክስትየው ወንድ ልጁ ገበያ ሲሄድ የት እንደምትውል ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እማዬ የደከማት ግራ ጎኗ መሆኑን እንዳልረሳ ነገሩኝ። መደገፊያው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ስትወጣ በቀኝ እጇ ብትይዘው ስትወርድ በግራዋ ይሆንባታል። ስለዚህ ግራና ቀኝ ይሁን። የበሩ እጀታ የሚጠመዘዝ ኳስ ሳይሆን በክርን የሚጫን ይሁን። የመብራት ማብሪያው ከተቀመጠችበት የምትደርስበት ይሁን። አልጋዋ ከዊልቸሩ መቀመጫ እኩል ይሁን፣ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ለመሻገር ሰው መጥራት አለባት። ክፍል ከክፍል የሚለየውን የበር ደፍም አንሡት አሉ። የኛ ደፍ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ ደፍ መሆኑን እንኳ አላየሁትም ነበር። እሷ ግን በየቀኑ እሱ ላይ ትቆማለች።

ምላሽ 8 የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። አባቷን ከድሮ ቤታቸው አንሥተው ኮንዶሚኒየም አስገቡ። ቤቱ አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውኃውም ሽንት ቤቱም ውስጥ ነው። ግን አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም። አባቷ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ የሚወርዱት ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። እሱም በወንበር ተሸክመዋቸው። ዕድር ለመድረስ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ ጎረቤት ለመጠየቅ አልቻሉም። አዲስ ቤት ማለት የሚመች ቤት ማለት አይደለም ስትል ጻፈች። ወንድሞቼ የሚሉት ጂ+1 መሆኑን እዚህ ላይ ላስታውስ። መኝታ ቤቶቹን ፎቅ ላይ ያደርጓቸዋል።

ምላሽ 9 ላይ የ6 ቁጥሩ ሰው ተመለሰ። አክስቱ ብቻዋን እንደማትወጣ አመነ። ቦታ የሌለው ሰው ግን ምን ያድርግ አለ፣ ግቢያቸው ሦስት ሜትር ነው። የ7 ቁጥሩ ሰውም በለሰለሰ ቃል መለሱለት፣ ይህ 10 ነው። ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ አድርገው፣ መሐሉ ላይ ማረፊያ ሜዳ ይኑረው አሉት።

11 ሕግ ያነሣ ሰው ነው። ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ መሥራት ግዴታ ነው፣ መብትሽን ጠይቂ አለኝ። 12 አረመው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሚናገረው ሕዝብ ስለሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ነው። የግል መኖሪያ ቤትን አያስገድድም። 13 ከሜሪላንድ የገባ ሰው ነው። አሜሪካም እንዲያው ነው አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሱቅና ቢሮ፣ ሆቴልና ምግብ ቤት ይመለከታል፣ የግል ቤት ውስጥ አይገባም። ወላጆቹን ሲወስዳቸው የቤቱ መኝታ ሁሉ ፎቅ ላይ ስለነበር ሳሎኑን ከፍሎ መኝታ አደረገው። ከዚያ አንድ ነገር አከለ፣ እኔንም የነካኝ እሱ ነው። እኛ ውጭ ያለነው ለእናት ቤት መሥሪያ ገንዘብ ስንልክ ፎቁ እንዲታይ እንፈልጋለን፣ እናት በየትኛው በር እንደምትገባ አንጠይቅም አለ።

ከ14 በኋላ ወሬው ወደ ጭቃው ዞረ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሐሳቤን ያጸናልኝ ይህ ክፍል ነው።

14ን የጻፉት በጡረታ ያሉ ግንበኛ ናቸው። ክሩን ልጃቸው አሳይቷቸው ነው የገቡት። ጭቃ ቤትን የሚገድለው ጭቃው አይደለም አሉ። ከላይ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ከታች የሚረጨው ዝናብ፣ ከውስጥ ደግሞ ምስጥ ነው። መሠረቱ ድንጋይ ከሆነና ክዳኑ ደህና ከወጣ ቤቱ ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ አሉ። ቀጭን ብረት ይዛችሁ የቋሚውን እግር ውጉት። ካልገባ ደህና ነው። እንደ ዳቦ ከገባ ምስጥ በልቶታል።

ቀጥለው ስለ በሩ የጻፉት ወንድሞቼን ዝም ያሰኘ ነገር ነው። በብሎኬትና በአርማታ ቤት በር ማስፋት ከባድ ሥራ ነው። ግድግዳው ይሰበራል፣ ከበላዩ ያለው ማሰሪያ ይነካል። በጭቃ ቤት ግን ጣሪያውን የተሸከመው እንጨቱ ነው፣ ጭቃው መሙያ ነው። ስለዚህ በአናቱ በኩል ጠንካራ አግዳሚ ይገባል። ክብደቱ በግራና በቀኝ ወዳሉት ቋሚዎች ይሻገራል። ከዚያ መሐል ያለው ቋሚ ይወጣል፣ ማገሩ ይቆረጣል፣ አዲስ መቃን ይቆማል፣ ዙሪያው በምርጊት ይደፈናል። ሁለት ሰው በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው አሉ። እኔ ግን ግትሩ ጭቃ ቤት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጠየቁኝ። ግድግዳው ላይ ሲሚንቶ ለስናችኋል ወይ? አዎ፣ ለስነናል። አባዬ በሕይወት ሳለ፣ ቤቱ እንዲያምር ብለን፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለሰንነው። እሳቸውም እዚያ ላይ ነው ጥፋቱ አሉ። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይተፋዋል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ግን መውጫ የለውም። ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ይርሳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጡ በጨለማ ይሠራል። ከውጭ ሲታይ ግን ግድግዳው ደህና ነው። በምትኩ ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ አብኩታችሁ፣ ለቀናት እየረገጣችሁ አቆዩት፣ በሁለት ዙር ምረጉት፣ ላዩን በኖራ ልስኑት አሉ። ኖራ ያስተነፍሳል። መረሬ አፈር እንዳንጠቀምም ነገሩን፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ኖራውን ስንነካ ደግሞ ጓንትና መነጽር እንዳይረሳ፣ ዓይን ያቃጥላል።

15 ስለ ምስጡ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባ አለ፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። 16 ተቆጣ። የታመመች ሴት የምትተኛበት ክፍል ውስጥ የሞተር ዘይት ታሸታለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ዘይቱ ወደ አፈሩ ወርዶ ጎመን የሚተከልበትን መሬት እንደሚያበላሽም ጨመረ። 15 እናቱ ቤት አድርጎት ምንም እንዳልሆነ መለሰ፣ ትንሽም ተሰዳደቡ፣ አልጽፈውም። 14 ቁጥሩ ግንበኛ ሲመለሱ (ይህ 18 ነው) ክርክሩን በሥራ ፈቱት። የበሰበሰውን የቋሚ እግር ቁረጡት፣ ከሥሩ ድንጋይና ኮንክሪት አስገቡ፣ እንጨቱ አፈር አይንካ አሉ። ምስጥ የሚመጣው ከመሬት ነው። እንጨቱ መሬት ካልነካ ምስጡ የሚወጣበት መንገድ ይታያል፣ ይጠረጋል።

በመሐሉ አንድ የአርባ ምንጭ ልጅ ስለ ዶርዜ ቤት ጽፎ ነበር። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚሸመን ረጅም ቤት ነው። ከታች ምስጥ ሲበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግ ሰው ተሰብስቦ አንሥቶ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። ከርዕሱ ወጣ ያለ ቢሆንም ደስ አለኝ። ቤቱ እንደሚያረጅ አስቀድሞ አውቀው ነው የሠሩት።

19 ላይ እኔ ነኝ። ከወንድሜ ጋር ሲሚንቶውን በአንድ በኩል አነሣነው። በሰፋፊ ቁራጭ ነው የወረደው። ከጀርባው ጭቃው ርጥብ ነበር፣ መጋቢት ላይ። ከ38 ቋሚዎች የ11ዱ እግር በስብሷል። ቤቱን ያሳመመው እርጅና ሳይሆን የኛው ማሳመሪያ መሆኑን ሳይ አዘንኩ። ወንድሜም ያን ቀን ስለማፍረስ አላወራም።

20 የአየር ንብረት ጉዳይ አነሣች። በዓለም ላይ ከሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 8 በመቶው ከሲሚንቶ ጋር የተያያዘ መሆኑን ጻፈች። የቆመ ቤት ማቆየት ራሱ ቁጠባ ነው አለች። 21 በቁጣ መጣ። የአንዲት እናት ክፍል ዓለምን አያሞቅም፣ ይህን ሂዱና በመስታወት ፎቅ ለሚያቆሙት ንገሩ አለ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። 22ም እንዲሁ አስታረቃቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከተማ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ሕንፃውን መስታወት ስላለበስነው እንጂ አየሩ ስለከፋ አይደለም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊቱ ያቆየዋል። የጭቃ ቤት ችግር ቆርቆሮው ነው፣ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ ኮርኒሱ ላይ አውሉት አለ።

23 የውኃ ባለሙያ ይመስላል። ክዳናችን 80 ካሬ ሜትር ነው ብዬው ነበር። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ታገኛለች። ሲባዛ 88 ሺህ ሊትር ነው፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 70 ሺህ ይተርፋል። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ሁሉን ማጠራቀም አይቻልም። ግን 5 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ነሐሴ ላይ በዐሥር ቀን ግድም ይሞላል። ለአዲሱ የእማዬ ሽንት ቤትና ለልብስ ይበቃል። ደግሞ አሸንዳው ውኃውን ከግድግዳው እግር ያርቀዋል። ጭቃ ቤት አሸንዳ ሳይኖረው መቆየቱ ነው የገረመው።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ሳተ። 24 ፒያሳን አነሣ። በ2016 ዓ.ም. የፈረሱትን ቤቶች እያሰብን ስለ አንድ ጭቃ ቤት እናወራለን አለ። ሌላው ደግሞ እዚያ የነበሩት ቤቶች ግማሹ ሽንት ቤት ያልነበራቸው ናቸው፣ እናንተ ለፎቶ ነው የምታዝኑት ብሎ መለሰ። አስተባባሪው ገብቶ ወደ ርዕሱ እንዲመለሱ ለመነ። እኔ ግን ሁለቱ የተናገሩት ከኔ ጥያቄ የራቀ አይመስለኝም። ቤት ሲጠበቅ የሚኖርበት ሰው አብሮ ካልታሰበ፣ ሰዎቹ እንዲፈርስ ቢመኙ አይፈረድባቸውም።

25 ከሐረር ነው። የሐረር ቤት ሳሎኑ በመደብ በመደብ ከፍ ዝቅ ያለ ነው፣ እንግዳ እንደ ክብሩ ይቀመጥበታል። ጁጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሲሆን ሁላችንም ኮራን አለች። አያቷ ግን ጉልበታቸው ከታመመ በኋላ የክብር መደባቸው ላይ መውጣት አቃታቸው። ቤተሰቡ መደቡን አላፈረሰም። ተነቃይ የእንጨት መርገጫና ግድግዳው ላይ መያዣ ሠሩላቸው። ቅርሱም አልተነካ፣ እሳቸውም ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

26 በጣም አጭር ነው፣ እስካሁን ማንም አልመለሰለትም። የጻፉት ሰው የሚኖሩት ቀበሌ ቤት ነው፣ በአዋጅ 47/67 ከተወረሱት አንዱ። ሚስታቸው እግራቸውን አጥተዋል። ሦስት ደረጃ አላቸው፣ ልክ እንደኛ። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ምንም መንካት አይችሉም። ፈቃድ ጠይቀው እየተመላለሱ ነው። ለኔ የተሰጠው ምክር ሁሉ ለእሳቸው ምን እንደሚረባ ጠየቁ። የምመልሰው አጥቼ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። መሬቱን የማይነካ፣ ተነቃይ የብረት ራምፕ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይቀመጥ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉላቸው።

27 የኔ ነው፣ ያለንበትን ለመንገር። አይፈርስም። ትልቁ ወንድሜም ተስማምቷል። በሩ 90 ሆኗል፣ ደፎቹ ወጥተዋል። ሽንት ቤቱ የሚሠራው ከእማዬ መኝታ አጠገብ፣ የድሮው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ አንዱ ቋሚዎች እግራቸው ተቆርጦ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ጭቃው ግቢው ውስጥ እየተቦካ ነው፣ እማዬ በረንዳው ላይ ሆና ጭዱ አነሰ ትላለች። ልጆቹም ይጨምራሉ። የራምፑ መሠረት ትናንት ተቆፈረ። የድሮውን ደረጃ ሦስተኛ ድንጋይ፣ አያቴ ማታ ማታ ይቀመጡበት የነበረውን፣ የት እናድርገው ስንላት ራምፑ በሚታጠፍበት ጥግ ይሁን አለች፣ የሚገፋኝ ሰው ይረፍበት። ራምፑ ሲያልቅ ግን ራሷ ልትሞክረው ነው።